ግድብ የሚሰነጠቀው ሲቀዘቅዝ ነው



የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ግድብ ነው። ግድብ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ ወሬያችን ስለ ውሃው፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ቁመቱና ስለ ርዝመቱ ይሆናል። ዛሬ ግን ወደ ውስጡ እንዝለቅ። ከውጭ ሲያዩት ቀዝቃዛ ድንጋይ የሚመስለው የአርማታ ግድብ ሆዱ ውስጥ ትኩሳት አለው። ያ ትኩሳት በወቅቱ ካልተገራ፣ ዓመታት የተለፋበትን ሥራ ሊሰነጥቀው ይችላል። ሙቀቱ ከየት ይመጣል? መሐንዲሶችስ እንዴት ይቆጣጠሩታል? የዛሬው ጉዳያችን ይኸው ነው።

ብዙ ሰው አርማታ የሚጠነክረው ውሃው ተንኖ ስለሚደርቅ ይመስለዋል። አይደለም። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ኬሚካዊ ውህደት ይጀምራል፤ ውሃው የሲሚንቶው አካል ሆኖ ይቀራል እንጂ ሁሉም አይተንም። አርማታ ውሃ ውስጥ ተዘፍቆም ይጠነክራል፤ እንዲያውም የተሻለ ይጠነክራል። ታዲያ ይህ ውህደት ሙቀት ያወጣል። ሶሌታ በተሞላ ማግስት ሳንቃውን በእጁ የዳሰሰ ሰው ለብ ብሎ ያገኘዋል። በመኖሪያ ቤት ሶሌታ ላይ ይህ ሙቀት ብዙም አያሳስብም፤ ሶሌታው ስስ ስለሆነ ሙቀቱ በላይም በታችም ወጥቶ ይሄዳል። ችግሩ የሚመጣው አርማታው ሲወፍር ነው።

አርማታ ሙቀትን ቶሎ አያሳልፍም። መሐንዲሶች ይህን ለማስረዳት የሚጠቀሙበት አንድ ስሌት አለ፤ እኔም ሁልጊዜ ይገርመኛል። ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ የአርማታ ግድግዳ ሙቀቱን አውጥቶ ከአካባቢው አየር ጋር ለመመጣጠን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይበቃዋል። ውፍረቱ አንድ ሜትር ተኩል ቢሆን አንድ ሳምንት ይፈልጋል። 15 ሜትር ቢሆን ሁለት ዓመት። 150 ሜትር ቢሆን ደግሞ 200 ዓመት! ውፍረቱ በአሥር እጥፍ ባደገ ቁጥር የመቀዝቀዣው ጊዜ በመቶ እጥፍ ያድጋል ማለት ነው። ትልልቅ ግድቦች ደግሞ ከሥራቸው መቶ ሜትርና ከዚያም በላይ ይወፍራሉ። እንግዲህ እምብርታቸው ውስጥ የተፈጠረው ሙቀት በተፈጥሮ መንገድ ይውጣ ከተባለ፣ ግድቡን የሠራው ሰው የልጅ ልጅም ላያየው ነው።

ሙቀቱስ ምን ያህል ነው? አንድ ሜትር ኩብ አርማታ እንውሰድ። ክብደቱ 2400 ኪሎ ገደማ ነው። በውስጡ አራት ከረጢት ተኩል፣ ማለትም 225 ኪሎ ሲሚንቶ አለ እንበል። ሙቀቱ መውጫ ካጣ፣ እያንዳንዱ 100 ኪሎ ተራ ሲሚንቶ ይህን አርማታ በግምት 12 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያሞቀዋል። አራት ከረጢት ተኩሉ 27 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል ማለት ነው። አርማታው ሲሞላ 30 ዲግሪ ከነበረ፣ ከጊዜ በኋላ እምብርቱ 57 ዲግሪ ይገባል። ይህ በእጅ ይዘው የማይቆዩት ሙቀት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ይሙቅ፤ ምን አለበት? ድንጋይ አይደለም ወይ?

መሞቁ ብቻውን እስከ ተወሰነ ደረጃ ድረስ አይጎዳም። ከ70 ዲግሪ በላይ ከወጣ አርማታው ከዓመታት በኋላ ከውስጡ እንዲያብጥ የሚያደርግ ሌላ ኬሚካዊ ጣጣ ስለሚያስከትል፣ ያን ያህል እንዲደርስ አይፈቀድለትም። ዋናው አደጋ ግን ኋላ ሲቀዘቅዝ የሚመጣው ነው። አርማታ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። በሚሞቅባቸው የመጀመሪያ ቀናት ገና ለጋ ነው፤ ለስላሳ ስለሆነ መስፋቱን በራሱ ያቻችለዋል፤ ብዙም ውጥረት አይፈጠርበትም። ወራት አልፈው መቀዝቀዝ ሲጀምር ግን ጠንክሯል። አሁን መኮማተር ይፈልጋል፤ ነገር ግን ከሥር አለቱ ጨምድዶ ይዞታል፤ ከጎንም ቀድሞ የተሞላው ጎረቤቱ ይዞታል። መሸሻ የለውም። መሸሻ ያጣ አካል ሲኮማተር ደግሞ ይሳባል፣ ይወጠራል። አርማታ በጫና ጎበዝ ነው፣ በመሳብ ደካማ ነው፤ የመሳብ አቅሙ የጫና አቅሙን አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ይሰነጠቃል።

መጠኑን በቁጥር እንየው። አንድ ሜትር አርማታ ለእያንዳንዱ ዲግሪ የሚኮማተረው የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ ያህል ነው። ኢምንት ይመስላል። ሆኖም ርዝመቱ 379 ሜትር የሆነ ግድብ በ20 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፣ በአጠቃላይ ሰባት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ያጥራል። ይህ ሰባት ሳንቲ ሜትር ተኩል የሆነ ቦታ ላይ ክፍተት ሆኖ መውጣቱ አይቀርም። የት እንደሚወጣ መሐንዲሱ አስቀድሞ ካልወሰነ፣ ግድቡ ራሱ ይወስናል።

ከሥር ከአለቱ ተነሥቶ ወደ ላይ ከሚወጣው ስንጥቅ ሌላ፣ በገጽ ላይ የሚፈጠርም አለ። እምብርቱ ትኩስ ሆኖ ሳለ በሌሊት ብርድ ወይም በድንገተኛ ዝናብ ገጹ ቶሎ ቢቀዘቅዝ፣ ከእሳት እንደ ወረደ የሸክላ ድስት ቀዝቃዛ ውሃ እንደ ተደፋበት ይሆናል፤ ላዩ ሲኮማተር ውስጡ አልኮማተርም ብሎ ይገትረዋል። በዚህ መልኩ የሚመጣው ስንጥቅ መጀመሪያ ላይ ጥልቀት የለውም። አንዳንዱ እዚያው ይቀራል፤ አንዳንዱ ግን ከዓመታት በኋላ ውሃ ሲገባበትና ግድቡ ይበልጥ ሲቀዘቅዝ ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

ይህ የመጽሐፍ ላይ ስጋት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት በክሊርዋተር ወንዝ ገባር ላይ የተሠራው ድዎርሻክ ግድብ 219 ሜትር ከፍታ አለው። እ.ኤ.አ. በ1973 ተጠናቀቀ። ግድቡ ሲሠራ ስለ ሙቀት ያልታሰበበት አልነበረም። እንዲያም ሆኖ በ1980፣ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ግድቡ ከተሠራባቸው ብሎኮች በአንዱ፣ በ35ኛው ላይ፣ በውሃው በኩል ያለው ገጽ ቀጥ ብሎ ተሰነጠቀና ውሃ በግድቡ ውስጥ ወዳሉት መተላለፊያዎች ገባ። ግድቡ አልፈረሰም፣ ሰውም አልተጎዳም። ነገር ግን ስንጥቅ ውስጥ የገባ ውሃ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ የሐይቁን ጫና ይዞ ይገባና ስንጥቁን ከውስጥ ይገፋዋል። የግድብ መሐንዲስ ከስንጥቅ በላይ የሚፈራው ስንጥቅ ውስጥ የገባውን ውሃ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ አንድ ታሪካዊ ቦታ ልውሰዳችሁ። ይህ የሙቀት ቁጥጥር ሙያ እንደ ሙያ የተወለደበት ቦታ ነው ብል አላጋነንኩም። በአሜሪካ በኔቫዳና በአሪዞና ግዛቶች ድንበር፣ ብላክ ካንየን በሚባል ጠባብ የኮሎራዶ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1931 የሁቨር ግድብ ሥራ ተጀመረ። ቦታው በረሃ ነው። በበጋ 49 ዲግሪ ይደርሳል። በዚያው እ.ኤ.አ. በ1931 ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ባለው አንድ ወር ብቻ 16 ሰዎች በሙቀት ሕይወታቸው አልፏል። ከግድቡ ሙቀት ጋር የታገሉት ሠራተኞች በቅድሚያ የታገሉት ከፀሐዩ ጋር ነበርና እነርሱን ሳያነሡ ማለፍ አግባብ አይመስለኝም።

ግድቡ 221 ሜትር ከፍታ አለው። ከሥሩ 200 ሜትር ይወፍራል፤ ወደ ላይ እየቀጠነ ሄዶ አናቱ ላይ 14 ሜትር ገደማ ይሆናል። ወደ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ሜትር ኩብ የሚጠጋ አርማታ ተሞልቶበታል። በወቅቱ እንዲህ ያለ ግዙፍ የአርማታ ግድብ ማንም ሠርቶ አያውቅም። መሐንዲሶቹ ተቀምጠው ሲያሰሉ፣ ይህ ሁሉ አርማታ በአንድ ጊዜ ቢሞላና በራሱ ይቀዝቅዝ ቢባል፣ እስኪቀዘቅዝ 125 ዓመት ይፈጃል የሚል ውጤት ላይ ደረሱ። በእነዚያ 125 ዓመታት ውስጥ ደግሞ ግድቡ በፈለገው ቦታ እየተሰነጠቀ ይኖራል።

ምን አደረጉ? መጀመሪያ፣ ግድቡን እንደ አንድ ግንብ መሥራቱን ተዉት። ሸለቆው ውስጥ ብዙ ዓምዶች ጎን ለጎን አቆሙ። በውሃው በኩል ያሉት ዓምዶች ጎናቸው 18 ሜትር፣ በታችኛው በኩል ያሉት ደግሞ ሰባት ሜትር ተኩል ያህል ነበር። እያንዳንዱ ዓምድ በአንድ ጊዜ የሚያድገው አንድ ሜትር ተኩል ብቻ ነው፤ ያ እስኪጠነክርና ሙቀቱ በላይኛው ገጹ በኩል ትንሽ እስኪወጣ ይጠበቃል፤ እስከዚያ ሙሌቱ ወደ ሌላ ዓምድ ይዛወራል። የዓምዶቹ ጎኖች ወጣ ገባ ተደርገው ስለ ተሠሩ አንዱ ሌላው ውስጥ ይሰካል።

ሁለተኛው ዘዴ ቧንቧ ነበር። ይህን ዘዴ አስቀድመው በኦሪገን ግዛት በኦዋይሂ ግድብ ላይ ሞክረውታል። እንግዲህ አንዱን ዓምድ ቀረብ ብለን እንየው። የትናንቱ ሙሌት ጠንክሯል፤ ላዩ ታጥቦ ጸድቷል። በላዩ ላይ ሠራተኞች አንድ ኢንች ስፋት ያለውን ስስ የብረት ቧንቧ እያጠማዘዙ፣ መስመሩ ከመስመር ከሁለት ሜትር ባነሰ ርቀት እየሄደ እየተመለሰ ይዘረጉታል። ከላይ በሸለቆው ላይ በተወጠረ ኬብል ስድስት ሜትር ኩብ አርማታ የያዘ የብረት ባልዲ ተንጠልጥሎ ይመጣል። ከሥሩ ይከፈትና አርማታው ይዘረገፋል። አንድ ባልዲ የዓምዱን ወለል ከፍ የሚያደርገው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የጎማ ቦት ጫማ ያጠለቁ ሠራተኞች ገብተው በእግራቸው እየረገጡ፣ በአካፋ እየበተኑ፣ በመንዘሪያ እየነዘሩ አየሩን ያስወጡታል። ሁቨር ግድብ ውስጥ ሰው ተቀብሮ ቀርቷል የሚል ወሬ እስከ ዛሬ ይወራል። እንዲህ ስስ ስስ እየተደረገ በሚሞላ አርማታ ውስጥ ሰው ሳይታይ ሊቀበር አይችልም፤ ወሬው ሐሰት ነው።

ሙሌቱ ካለቀ በኋላ በቧንቧዎቹ ውስጥ ውሃ ይለቀቃል። መጀመሪያ በማቀዝቀዣ ማማ ያለፈ የወንዝ ውሃ፣ ቀጥሎ ከማቀዝቀዣ ፋብሪካ የመጣ በረዶ ሊሆን የተቃረበ ውሃ። ያ ፋብሪካ በቀን አንድ ሺህ ቶን በረዶ ለመሥራት የሚበቃ ኃይል ነበረው፤ እዚያው በረሃው ውስጥ። ውሃው ቀዝቃዛ ሆኖ ይገባል፣ የአርማታውን ሙቀት ተሸክሞ ይወጣል፣ እንደገና ቀዝቅዞ ይመለሳል። ቧንቧዎቹን ከዋናው መስመር ጋር ለማገናኘት በግድቡ መሐል ሁለት ሜትር ተኩል የሚጠጋ ስፋት ያለው ክፍተት ተትቶ ነበር። በአርማታው ውስጥ የተቀበሩ የኤሌክትሪክ ቴርሞሜትሮች የእምብርቱን ሁኔታ ለመሐንዲሶቹ ይነግሩ ነበር። ቧንቧዎቹ ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠሉ ከ930 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናሉ።

የዘዴው ብልህነት የሚታየው ግን ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ዓምዶቹ ሲቀዘቅዙ ይኮማተራሉ፤ 18 ሜትር የሆነ ዓምድ በ20 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ያጥራል። ስለዚህ በዓምድና በዓምድ መካከል ቀጭን ክፍተት ይከፈታል። መሐንዲሶቹ የፈለጉትም ይህንኑ ነው። ክፍተቶቹ እስኪከፈቱ ጠበቁና በውሃ የቀጠነ ሲሚንቶ በግፊት ሞሉባቸው። ቧንቧዎቹንም ቆርጠው በዚያው ቀጭን ሲሚንቶ ሞሏቸው። ያኔ ግድቡ አንድ አካል ሆነ። መኮማተሩን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ነው አንድ የሆነው፤ ከዚያ በኋላ የሚስበው ምክንያት የለም። የመጀመሪያው ሙሌት እ.ኤ.አ. ሰኔ 6 ቀን 1933፣ የመጨረሻው ግንቦት 29 ቀን 1935 ነበር። 125 ዓመት የተባለው ሥራ በሁለት ዓመት አካባቢ አለቀ። በ1995 ከግድቡ ተቦርቡሮ የወጣ የአርማታ ናሙና ሲመረመር፣ ጥንካሬው ከዓመት ዓመት እየጨመረ መሄዱ ታይቷል።

ሌላም ነገር ከሁቨር ወጥቷል፤ ሲሚንቶው ራሱ። ለዚህ ግድብ ተብሎ ቀስ ብሎ የሚሞቅ ሲሚንቶ ተዘጋጀ። ይህ ነገር እኛንም ይመለከተናል፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከሁቨር በኋላ የመጡት መሐንዲሶች ሌላ ጥያቄ ጠየቁ። ከሞቀ በኋላ ማቀዝቀዝ ይቻላል፤ ለምን ከመሞላቱ በፊት አይቀዘቅዝም? አርማታው ሲሞላ 10 ዲግሪ ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ከፍተኛው ሙቀቱም በዚያው መጠን ገደማ ዝቅ ይላል። በመሆኑም የማደባለቂያውን ውሃ በበረዶ መተካት ተጀመረ። የዚህ ምክንያቱ አስደናቂ ነው፤ በረዶ ሲቀልጥ ብቻ የሚውጠው ሙቀት፣ ያው ክብደት ያለው ውሃ በ80 ዲግሪ ሲሞቅ ከሚውጠው ጋር እኩል ነው። በአንድ ሜትር ኩብ አርማታ ውስጥ 80 ኪሎ ውሃን በተፈጨ በረዶ ብንተካ፣ በረዶው በመቅለጡ ብቻ ድብልቁ 11 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። በረዶው ግን ማደባለቂያው ውስጥ ሙሉ በሙሉ መቅለጥ አለበት፤ ሳይቀልጥ ከተሞላ ኋላ ሲቀልጥ ባዶ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል።

ከድብልቁ ክብደት አብዛኛውን የሚይዘው ጠጠርና አሸዋ ስለሆነ፣ ጠጠሩን ማቀዝቀዝ ደግሞ ከሁሉ በላይ ያዋጣል። ክምሩን በጣሪያ ማጥላት፣ ውሃ መርጨት፣ ቀዝቃዛ አየር መንፋት፤ ሁሉም ይሠራሉ። በቻይና ያንግትዜ ወንዝ ላይ የሚገኘው የሦስቱ ሸለቆዎች ግድብ ሲሠራ ጠጠሩ ሁለት ጊዜ በቀዝቃዛ አየር እንዲያልፍ ተደርጎ፣ በበረዶም ተደባልቆ፣ አርማታው ከማደባለቂያው በ7 ዲግሪ እንዲወጣ ይደረግ ነበር፤ በሐሩር በጋም ጭምር። ይህም ሆኖ በሁለተኛው የግንባታ ምዕራፍ በውሃ በኩል ባለው ገጽ ላይ ስንጥቆች ተገኝተው፣ ሐይቁ ከመሞላቱ በፊት መጠገን ነበረባቸው። በሦስተኛው ምዕራፍ ግን ቁጥጥሩ በተለይ ገጹን በመሸፈን በኩል ጠበቀ፤ ስንጥቅም አልተገኘም። ከዚህ የተማርኩት ነገር ማቀዝቀዣው የቱንም ያህል ኃይለኛ ቢሆን፣ የአንድ ሌሊት ብርድ ያልተሸፈነን ገጽ ሊሰነጥቀው እንደሚችል ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ አገራችን እንምጣ። በሰሜን የሚገኘው ተከዜ ግድብ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ቀስት ግድብ ነው። ቀስት ግድብ የውሃውን ግፊት ወደ ሁለቱ የሸለቆ ጎኖች የሚያስተላልፈው ብሎኮቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ሲገፋፉ ስለሆነ፣ የብሎኮቹ መቀዝቀዝና የክፍተቶቹ በሲሚንቶ መሞላት በቀስት ግድብ ላይ የህልውና ጉዳይ ነው። ከፍታው ከ240 ሜትር በላይ የሆነው የኦሞ ወንዙ ግልገል ጊቤ ሦስትና የዓባዩ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ግን በሌላ ዘዴ ነው የተሠሩት። ስሙ ሮለር ኮምፓክትድ ኮንክሪት ነው፤ በሙያው ሰዎች አጠራር አርሲሲ።

አርሲሲ እንደ ተለመደው አርማታ አይፈስም። ደረቅ ያለ፣ እርጥብ ጠጠር የሚመስል ድብልቅ ነው። በገልባጭ መኪና ወይም በማጓጓዣ ቀበቶ ይመጣል፣ በዶዘር 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ሆኖ ይዘረጋል፣ ከዚያም መንገድ ላይ እንደምናየው ባለ ንዝረት ሮለር ይጠቀጠቃል። ሲሚንቶው አነስተኛ ነው፤ ከፊሉም በድንጋይ ከሰል አመድ ወይም በእሳተ ገሞራ አመድ ይተካል። ሲሚንቶው ካነሰ ሙቀቱም ያንሳል። ለዚህ ነው አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ ያ ሁሉ ቧንቧ የማያስፈልገው። ጃፓን ውስጥ በሺማጂጋዋ ግድብ የተጀመረው ዘዴ፣ በአሜሪካ ኦሪገን እ.ኤ.አ. በ1982 ዊሎው ክሪክ ግድብ ሙሉ በሙሉ በአርሲሲ ከተሠራ በኋላ ዓለምን አዳርሷል። ዊሎው ክሪክ በንብርብሮቹ መጋጠሚያ ውሃ ያሳልፍ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የንብርብሮቹ መያያዝ የአርሲሲ ሥራ ዋነኛ ጭንቀት ሆኗል። ታችኛው ንብርብር ከመጥናቱ በፊት ላይኛው መድረስ አለበት። በሐሩር አካባቢ ደግሞ ታችኛው ቶሎ ይጠናል። ስለዚህ ሥራው ቀንም ሌሊትም አይቋረጥም።

የሕዳሴ ግድብ ዋናው ግድብ 145 ሜትር ከፍታና 1780 ሜትር ርዝመት አለው፤ ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ አርሲሲ ገብቶበታል። ግድቡ የሚገኝበት ጉባ ደግሞ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቆላ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። እንዲህ ያለ ርዝመት ያለው ግድብ ሲኮማተር ክፍተት ሳይከፍት ሊቀር አይችልም። በአርሲሲ ግድቦች መሐንዲሶቹ ስንጥቁን ራሳቸው ያዘጋጁታል፤ ገና ትኩስ እያለ በየተወሰነው ርቀት ሳህን በንዝረት እያስገቡ መስመር ያበጁለታል፤ በውሃው በኩል ደግሞ ውሃ የሚያግድ ጥብጣብ ይቀብሩበታል። ግድቡ መሰንጠቅ ሲፈልግ በተዘጋጀለት መስመር ይሰነጠቃል፤ ውሃም አያልፍም።

አንድ ሰው «ጉባ እንዲህ ከሞቀ ግድባችን ከሌሎች ይልቅ ይሰነጠቃል ማለት ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱ ቁጥሩን በትክክል ካሰብነው ይገኛል። ወሳኙ ነገር አርማታው የደረሰበት ከፍተኛ ሙቀትና በመጨረሻ የሚረጋበት ሙቀት ያላቸው ልዩነት ነው። የሚረጋው በአካባቢው ዓመታዊ አማካይ ሙቀት አካባቢ ነው። አይዳሆ ውስጥ ክረምቱ በረዶ ነው፤ አርማታው የሚወርደው ሩቅ ነው። ቆላ አገር ያለ ግድብ ግን የሚረጋው ሞቅ ባለ ሙቀት ላይ ስለሆነ የሚወርደው ያነሰ ነው። ሐሩር አገር በሙሌቱ ጊዜ ያስቸግራል፤ በቀሪው ዘመን ደግሞ ያግዛል። ያም ሆኖ እንደዚህ ወፍራም የሆነ ግድብ እምብርት ሙቀቱን ለአሥርት ዓመታት ይዞ ይቆያል። ስለዚህ የግድብ ቴርሞሜትር የሚነበበው በግንባታው ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ከምርቃት በኋላም ለረጅም ዓመታት ይነበባል።

አሁን ወደ ሲሚንቶው ልመለስ እንዳልኳችሁ። በየሱቁ ኦፒሲና ፒፒሲ የሚባሉ ሲሚንቶዎች እንዳሉ ታውቃላችሁ። ፒፒሲ ውስጥ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ በአገራችን በአብዛኛው ከስምጥ ሸለቆ የሚመጣ ፑሚስ፣ ተፈጭቶ ይደባለቅበታል። ብዙ ሰው ፒፒሲን እንደ ዝቅተኛ ሲሚንቶ፣ ለልስን ብቻ እንደሚሆን አድርጎ ያየዋል። ተራው ሲሚንቶ ኦፒሲ ቶሎ ይጠነክራል፣ ቶሎም ይሞቃል። ፒፒሲ በዝግታ ይጠነክራል፣ በዝግታም ይሞቃል። ለስስ ሶሌታና ሳንቃው ቶሎ መነሣት ለሚፈልግ ሥራ ኦፒሲ ይመረጣል። ለወፍራም መሠረት ግን ያ የተናቀው ዝግተኛነት ትልቅ ጥቅም ነው። በፒፒሲ ላይ ያለው ንቀት ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

ይህ ደግሞ የግድብ ሠሪዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዛሬ በከተሞቻችን ለረጃጅም ሕንፃዎች የሚሞላው የመሠረት አርማታ ሁለት ሜትርና ከዚያ በላይ ይወፍራል። ቀደም ሲል በተነጋገርንበት ስሌት፣ አንድ ሜትር ተኩል ለመቀዝቀዝ አንድ ሳምንት ይፈልጋል፤ ሦስት ሜትር ወር ገደማ። በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት መመሪያ የእምብርቱና የገጹ ሙቀት ልዩነት ከ20 ዲግሪ እንዳይበልጥ ነው። ልዩነቱ እንዳይሰፋ ታዲያ ገጹን በቀዝቃዛ ውሃ ከማጥለቅለቅ ይልቅ እርጥብ ጆንያና ላስቲክ አልብሶ ሙቀቱ ቀስ ብሎ እንዲወጣ ማድረግ ነው የሚሻለው። ወፍራም አርማታን በሌሊት ብርድ ሳንቃውን ገፍፎ ማራቆት አደገኛ ነው።

እናንተ በግንባታ ላይ ያላችሁ አድማጮቻችን፣ ወጣት መሐንዲሶች፣ ፎርማኖች፣ ሙሌት የምታስሞሉ ባለቤቶች፤ ከአንድ ሜትር በላይ የሚወፍር አርማታ ስትሞሉ ለሙሌቱ ጠዋት ማለዳን ወይም ማታን ምረጡ። ጠጠሩን ከዋዜማው ጀምሮ አጥሉት፣ ውሃም እርጩበት። አርማታው ከመኪናው ሲወርድ ቴርሞሜትር አስገብታችሁ ለኩ፤ ከዚያም ቢያንስ ለአንድ ሳምንት የእምብርቱንና የገጹን ሙቀት ጠዋትና ማታ እየለካችሁ በሥራ መዝገባችሁ ላይ ጻፉ።